ምዕራፍ ሰባት፦ ያበጠውና የጎደጎደው ጀሪካን

ከሰሜኑ ጦርነት በፊት በነበረ አንድ የጥር ወር፣ በማለዳ ከመቀሌ ተነስተን በበርሃሌ በኩል ዳናክል ውስጥ ሐመድ ኢላ ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ሾፌሩ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ ገመዱን ይፈታል፣ እኔ ከታች ሆኜ ዕቃ እቀበላለሁ። ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ተከታትለው ወረዱ። ሁለቱም የዘይት ዕቃ የነበሩ፣ ሁለቱም ባለ 20 ሊትር፣ ሁለቱንም ጠዋት ክዳናቸውን አጥብቆ የዘጋቸው አንድ ሰው ነው። አንደኛው ግን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሁለተኛው ደግሞ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሰንብቶ እንደጾመ ሰው ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

ያበጠው ለጄኔሬተሩ የያዝነው ቤንዚን ነው፣ እስከ አፉ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። የጎደጎደው የመኪናው መጠባበቂያ ናፍጣ፤ ግማሹን መቀሌ ላይ ሰልባቲዮ ውስጥ ገልብጠነው ግማሹ ቀርቷል።

ረዳቱ ያበጠውን መታ መታ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ሊፈነዳ ነው፤ ላስተንፍሰው?” አለና ክዳኑን ጨበጠ። ከእሱ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ምግብ አብሳያችን ቡታጋዝ ለኩሳ ሽንኩርት ታቁላላለች። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

“ተው አንተ ልጅ! እጅህን አንሳ!”

ወርዶ ጀሪካኑን ራሱ ተሸከመና ነፋሱ ከእኛ ወደ ጨው ሜዳው በሚነፍስበት በኩል ሠላሳ እርምጃ ያህል ወስዶ አንድ የእንጨት ዳስ ጥላ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ መጥቶ ሻይ ጠጣ። ሻዩን ሲጨርስ ሌላ ደገመ። ከሰዓት በኋላ ነው እርጥብ ጨርቅ ይዞ የሄደው። ጨርቁን ክዳኑ ላይ ጣል አድርጎ፣ ፊቱን መልሶ፣ ክዳኑን ፀጉር ታህል አላላው። ፍስስታው ረጅም ነበር፤ እኔ ካለሁበት ይሰማኛል። ሲያበቃ እንደገና ትንሽ አላላና ጠበቀ። ቸኩሎ የከፈተ ሰው፣ ቤንዚኑ እንደተናጠ ለስላሳ ተነስቶ ደረቱንና ፊቱን ያጥበዋል።

ያ ሰው ፊዚክስ የተማረ አልነበረም። ሆኖም በዚህ ምዕራፍ የማስረዳው ነገር ሁሉ በዚያ ፍስስታ ውስጥ ነበር። ስለ መጠባበቂያ ነዳጅ ስናወራ ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ፈሳሹ ነው። መፍራት ያለብን ግን ከፈሳሹ በላይ ባዶ የሚመስለውን ቦታ ነው።

መቀሌ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው አራት እጅ ሦስቱን ቢሆን ነው። ሐመድ ኢላና ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ዝቅ ያሉ ናቸው። ግማሽ ናፍጣ የያዘው ጀሪካን ሲዘጋ የመቀሌን ሳሳ ያለ አየር አብሮ ዘግቷል። ናፍጣ በቀላሉ የሚተን አይደለምና በመንገድ ላይ ቢሞቅም ያንን አየር ብዙም አላገዘውም። ቆላ ሲወርድ የዳናክል ወፍራም አየር ከውጭ ተጭኖ አጎደጎደው። ከአዲስ አበባ አዋሽ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጠጥቶ የዘጋው ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ ሲጨማደድ አይቷልና።

ቤንዚን ሌላ ዓለም ነው። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የቤንዚን ተን ብቻውን ባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ግማሹን የሚያህል ግፊት ይፈጥራል። ያ ግፊት አስቀድሞ ውስጥ በነበረው አየር ላይ ይደረባል። ፈሳሹም ዝም ብሎ አይቀመጥም፦ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይሰፋል። 20 ሊትር ቤንዚን ከመቀሌ ንጋት ወደ ዳናክል ቀትር ሲሻገር ግማሽ ሊትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ማደያ ላይ “እስከ አፉ ሙላልኝ” የሚል ሰው ያችን ግማሽ ሊትር የት ሊያስቀምጣት እንዳሰበ አላውቅም። ቢያንስ አንድ ሊትር የሚሆን ቦታ መተው ግድ ነው።

እሳቱስ? ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ያወጣል፤ ስለዚህ የትም አገር፣ በየትኛውም ወቅት ዝግጁ ነው። ተኑ ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም። እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ወለል ለወለል ተንሸራቶ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይተኛል። ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከመቶ 1.4 እጅ እስከ 7.6 እጅ ባለው መካከል ከሆነ ይነዳል። ይህ ቁጥር ደረቅ ይመስላል፤ ወደ መኪና ስናመጣው ግን ትርጉሙ ይከብዳል። ግማሽ ሊትር ቤንዚን፣ አንድ ትንሽ ሃይላንድ ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ቢተን ስድስት ሜትር ኩብ የሚሆን አየር ለመቀጣጠል ያዘጋጃል። ይህም የአንድ ሚኒባስ ውስጥ ያህል ነው።

ከዚሁ ቁጥር ሌላ ነገር ይወጣል። ሙሉ ጀሪካን ውስጥ ያለው ተን ብዙውን ጊዜ ከ7.6 በላይ የወፈረ በመሆኑ ውስጡ እሳት ለመያዝ አየር ያንሰዋል። ተጠቅመንበት ባዶ የቀረው ጀሪካን ግን አየር ሲገባበት ልክ በዚያ አደገኛ መካከል ያልፋል። በያጆች የነዳጅ ሰልባቲዮ ከመበየዳቸው በፊት ውኃ የሚሞሉት ያንን ቦታ ለማጥፋት ነው። እኛ ደግሞ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ከፍተን መኪናው ውስጥ እንወረውራለን፣ “ባዶ ነው” ብለን።

ናፍጣ እዚህ ላይ የዋህ ነው። ተኑ እሳት የሚይዘው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ሲሞቅ ነው፤ ደጋ ላይ ክብሪት ቢጥሉበት ሊያጠፋው ይችላል (እባካችሁ አትሞክሩት)። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፖርቶመጋላ ላይ በዳሎል ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የዋለ ጠቆር ያለ ብረት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በተጨማሪ በየመንደሩ በበርሜል የሚሸጠው ናፍጣ ላምባ ያልተቀየጠበት መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ላምባ ከናፍጣ በብዙ ዲግሪ ቀድሞ ይነሳል።

አሁን ወደ ዕቃው። ጀሪካን የሚለውን ቃል አፋችን ስለለመደው የራሳችን ይመስለናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኖችን በቅጽል ስም “ጄሪ” ይሏቸው ነበር። “ጄሪ ካን” ማለት እንግዲህ “የጀርመኑ ቆርቆሮ” ነው፤ የጠላት ስም የተለጠፈበት ዕቃ ዛሬ ሰፈር ውስጥ ውኃ ይቀዳበታል።

የዕቃው አመጣጥ ከዚህ መጽሐፍ ጉዳይ ጋር የማይታመን ያህል የተገናኘ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ለሠራዊታቸው ባለ 20 ሊትር የነዳጅ ዕቃ ሠርተው በብዛት በምስጢር ያከማቹ ነበር፤ የንድፉ ባለቤትነት የሚሰጠው ቪንሴንዝ ግሩንፎገል ለተባለ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በርሊን ይሠራ የነበረ ፖል ፕላይስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንድ ጀርመናዊ ባልደረባው ጋር በመኪና ከበርሊን ሕንድ ሊጓዝ ተነሳ። መኪናው ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ግን የመጠባበቂያ ውኃ መያዣ እንደሌላቸው አስተዋሉ። ጀርመናዊው በቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ የተከማቹትን ቆርቆሮዎች ማግኘት ይችል ነበርና ሦስቱን ይዞ መጣ። የሠራዊት ምስጢር የነበረው ጀሪካን ከአገሩ የወጣው በሁለት መንገደኞች መኪና ላይ ታስሮ፣ ውኃ ተሸክሞ ነው። ፕላይስ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ነገሩን ለጦሩ ሹማምንት ቢነግራቸውም መጀመሪያ ጉዳዬ ያለው አልነበረም።

በሰሜን አፍሪካ በረሃ ግን ጉዳዩ የሞት የሽረት ሆነ። እንግሊዞች ቤንዚናቸውን ያመላልሱ የነበረው 18 ሊትር ገደማ በሚይዝ ስስ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ጭነት ሲደረብበት ጠርዙ ይከፈታል፣ መንገድ ሲያናውጠው ያፈሳል። ከመጋዘን እስከ ተዋጊው ባለው መንገድ ሢሶ የሚጠጋው ነዳጅ ይጠፋ እንደነበር የራሳቸው አዛዦች ገምተዋል። ከጀርመኖች ጀሪካን የማረከ ወታደር የራሱን ቆርቆሮ እየጣለ በእሱ መገልገል ጀመረ። በመጨረሻ እንግሊዞችም የጀርመኑን ቁርጥ ቅጂ ማምረት ያዙ። አሜሪካኖች መጀመሪያ “አሻሽለን” ብለው የሠሩት ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ክዳኑ በመፍቻ የሚፈታ ነበር። ያው አፈሰሰ።

የዋናው ጀሪካን ጥበብ ምን ላይ ነው? አንዱን የብረት ጀሪካን አግኝታችሁ ዳብሱት። ሁለት ግማሾች ናቸው፤ ብየዳው በዙሪያው ባለ ሰርጓዳ መስመር ውስጥ ተደብቋል፣ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመታው ብየዳው እንዳይሆን። ጎኑ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ለጌጥ አይደለም። ብረቱን ያጠነክረዋል፣ ነዳጁ ሲሰፋና ሲኮማተር ደግሞ እንደ ደረት ይተነፍስበታል። ሦስት እጀታ አለው፦ መካከለኛውን አንድ ሰው ብቻውን ይይዛል፣ የዳርና የዳሩን ሁለት ሰዎች ይጋሩታል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ እጅ ሁለት ጀሪካን ያነሳል። ክዳኑ በመወርወሪያ ተጭኖ ይዘጋል፤ የሚጠፋ ነገር የለውም፣ መፍቻም አይፈልግም። አፉ ውስጥ የአየር መግቢያ ቱቦ ስላለው ሲቀዳ አያንቀው። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ከእጀታው ሥር ያለው ጉብታ ነው። ዕቃውን ቀጥ አድርገው እስከ አፉ ቢሞሉት እንኳ እዚያ ውስጥ አየር ይቀራል። ስለዚህ ነዳጁ የሚሰፋበት ቦታ አለው፤ ውኃ ላይ ቢወድቅም ይንሳፈፋል። ሾፌሮችን “ቦታ ተው” ብሎ ከመምከር ይልቅ መሐንዲሱ ቦታውን ብረቱ ውስጥ ሠርቶ አስቀመጠላቸው።

የእኛ ቢጫ ጀሪካን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። የተሠራው ለምግብ ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ አይተንም፣ አያብጥም። ክዳኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ጥርሱ ይላላል፣ ሰዉም ላስቲክ ከረጢት አጣጥፎ ከሥሩ ይጨምርበታል። ፕላስቲኩ ራሱ ቤንዚን ያሳልፋል፤ ምንም ሳያፈስ መኪናው ውስጥ የሚሸተው በግድግዳው ሰርጎ ስለሚወጣ ነው። ለነዳጅ ተብለው የሚሠሩ ፕላስቲክ ዕቃዎች ወፍራምና ቤንዚኑን እንዲይዙ የተዘጋጁ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ቀዩ የቤንዚን፣ ቢጫው የናፍጣ፣ ሰማያዊው የላምባ ሆኖ ተለምዷል። እንደ እኔ አስተያየት ጉዞው በረሃ ከሆነ አንድ ደህና የብረት ጀሪካን ከአምስት ቢጫ ይሻላል፤ ዋጋው ቢያስነክስም።

ማደያ ላይ ስንቀዳም ጀሪካኑን መሬት አውርዶ ነው። ነዳጅ በቱቦ ሲሮጥ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ዕቃው መሬት ከነካ ይወርዳል፣ ፒካፕ ላይ በተነጠፈ ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ግን ይጠራቀምና አንድ ቦታ ብልጭ ይላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ስለዚሁ ያስጠነቀቀው እንዲህ እየተቃጠሉ ሰዎች ስለተጎዱ ነው። የመቅጃው ብረት የዕቃውን አፍ ነክቶ ይቆይ፤ አቀዳዱም ዝግ ያለ ይሁን።

የት ይጫን የሚለው ጥያቄ ንጹሕ መልስ የለውም። ፖርቶመጋላ ላይ ከሆነ ተኑን ነፋስ ይወስደዋል፣ ግን ፀሐይ ይመታዋል፤ አንድ ሙሉ የብረት ጀሪካን ደግሞ ወደ 19 ኪሎ ስለሚመዝን አምስቱ አናት ላይ ሲደረደሩ መኪናውን ጠመዝማዛ ላይ እንደ ሰካራም ያወዛውዙታል። ከኋላ መከላከያው ላይ ከሆነ ዝቅ ብሏል፣ ግን ከኋላ የሚመጣ ሲኖትራክ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፣ ማርሚታውም ቅርብ ነው። እኔ የምመርጠው አንድ ወይም ሁለት ብቻ፣ ከውጭ፣ በብረት ማቀፊያ ታስሮ፣ ነጭ ሸራ ለብሶ ነው። ሰው ባለበት ውስጥ ግን ቤንዚን በምንም መንገድ አይገባም።

ይህ በተለይ ካምፐር ለሚባለው መኪና ይሠራል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ቫን ገዝተው አልጋ፣ ምድጃና ፍሪጅ እየገጠሙለት ዕረፍታቸውን ሲያሳልፉበት አያለሁ፤ ደስ ይላል። ግን ቫን የጭነት ክፍሉና መኝታው አንድ ነው። ከአልጋው ሥር የተቀመጠ ጀሪካን ማታ የሚያወጣው ተን ወለሉን ይዞ ይሄዳል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ትንሿ ነበልባል፣ ማሞቂያው፣ የውኃ ፓምፑ ብልጭታ አለ። በሕግ በኩል፣ ኤዲአር የሚባለው የአደገኛ ዕቃዎች የመንገድ ማጓጓዣ ስምምነት ለግል መንገደኛ በአንድ ዕቃ እስከ 60፣ በአንድ መኪና እስከ 240 ሊትር ይፈቅዳል። አገሮችና መርከቦች ከዚህ በጣም ያጠባሉና ከመነሳት በፊት መጠየቅ ነው። ሕጉ ቢፈቅድም ግን 240 ሊትር ቤንዚን ላይ የሚተኛ ሰው እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለኝም።

መገልበጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ሞተር ይጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ይርቃል። አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ጥሩ ማፍሰሻ ነው፤ አፉ ላይ ስስ ጨርቅ ቢደረግበት አሸዋውንም ያስቀራል። የማልታገሰው አንድ ነገር ጎማ በአፍ መሳብ ነው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሲስቡ ወደ ሆድ ቢገባ ያቅለሸልሻል፤ ወደ ሳንባ ጠብ ካለ ግን ሳንባውን ያቆስለዋል፣ ይገድላልም። ለዋጠ ሰው ወተት ማጠጣት፣ ጣት ከቶ ማስመለስ የተለመደ ነው። ማስመለሱ በትክክል የተፈራውን ያመጣል፤ ሲወጣ ወደ ሳንባ የሚገባበት ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል። ሳያስመልሱ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ባለ ኳስ የእጅ ፓምፕ ያለው ጎማ ደግሞ ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም።

ስንት ሊትር ይበቃል ለሚለው መነሻው ጀሪካን መሆን የለበትም። ከሁሉ የተሻለው የመጠባበቂያ ነዳጅ ሰልባቲዮ ውስጥ ያለው ነው፤ ከአደጋ እንዲተርፍ ታስቦ፣ መተንፈሻ ተሠርቶለት፣ ከወለል በታች ተቀምጧል። የሩቅ አገር ሾፌሮች ሁለት ሰልባቲዮ ያለውን ላንድክሩዘር የሚወዱት ያለ ነገር አይደለም። ደጋውን ሳንለቅ ማደያ ባገኘን ቁጥር መሙላት፣ ሰልፉ ቢያስመርርም፣ ከሁለት ጀሪካን ይበልጣል። አሸዋ ላይ ከባድ መኪናን 20 ሊትር ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አያሳልፈውም። ያ ለማምለጫ ይበቃል፤ ጀሪካንም የማምለጫ ዕቃ ነው። ጉዞውን በሙሉ በጀሪካን ያሰላ ሰው መንገዱን ራሱ ደግሞ ቢያስብ ይሻለዋል።

ስንመለስ በርሃሌ ላይ ቆመን ሳለ አንድ የአፋር ሽማግሌ መጡና ፖርቶመጋላው ላይ ወደተኛው ባዶ ቢጫ ጀሪካን በዱላቸው አመለከቱ፤ ለውኃ ነው። ቤንዚን የነበረበት ነው፤ ያ ፕላስቲክ ጠጥቶታል፣ በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ አይለቅም። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና፣ “ይሄስ አይሆንም አባባ” አላቸው። ከዚያ የራሳችንን የውኃ ጀሪካን አወረደ፤ የቀረውን ውኃ ራዲያተር ላይ ሞላ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አራግፎ ሰጣቸው። መቀሌ እስክንገባ ሦስት ሰዓት ያህል በአንድ ሃይላንድ ውኃ ተቃመስን፤ ረዳቱ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመ።